ምዕራፍ 7፦ የፑዌብላ ድል በሰፈር ባር

ሜይ 5 ማታ አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ የሰፈር ባር ጎራ ያለ ሰው ቤቱ ከወትሮው ተለውጦ ያገኘዋል። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ፣ በአበባና በወፍ ቅርጽ የተበሳሱ ሮዝ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ወረቀቶች ይርገበገባሉ። ባንኮኒው ላይ በአራት የተሰነጠቀ ሎሚ ተከምሯል። ባርማኑ የብርጭቆውን አፍ በሎሚ እያራሰ ጨው ላይ ይደፋዋል። ማሽኑ በረዷማ ማርጋሪታ ይፈጫል፣ ከኩሽና የተጠበሰ በቆሎና የበርበሬ ሽታ ይወጣል፣ በአንድ ጥግ ጊታርና ጥሩምባ የያዙ ሙዚቀኞች ቦታቸውን ይይዛሉ። የሜክሲኮ ዘር ያለውም የሌለውም ጽዋውን ያነሣል።

በዓሉ ሲንኮ ዴ ማዮ ይባላል፤ በስፓኒሽ «ሜይ አምስት» ማለት ነው። ምን እንደሚከበር ቢጠየቅ ከታዳሚው ብዙው የሜክሲኮ የነጻነት ቀን ነው ይላል። የነጻነት ቀን ግን ሴፕቴምበር 16 ነው፤ ቄስ ሚጌል ሂዳልጎ በ1810 ሕዝቡን በስፔን ላይ ያስነሡበት ዕለት። (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሜክሲኮ ውስጥ ሜይ 5 በድምቀት የሚከበረው በዋናነት በፑዌብላ ነው፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል እንደ አሜሪካው ያለ ድግስ የለም።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች በዓሉ የቢራ ሻጮች ፈጠራ ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህ ምዕራፍ ያንን ድምዳሜ አይቀበልም። ሲንኮ ዴ ማዮ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች፣ ከአገራቸው ርቀው፣ ለትልቅ ጉዳይ ሲሉ የተከሉት በዓል ነው። ቢራው የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በባር መከበሩ ጥፋት የለበትም፤ የሚያሳዝነው ምክንያቱ ተረስቶ መጠጡ ብቻ ሲቀር ነው።

ዕዳ፣ መርከብና ኮረብታ

በ1861 ሜክሲኮ ከሦስት ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ፕሬዚዳንቷ ቤኒቶ ሁዋሬስ ኦዋሃካ ውስጥ ከሳፖቴክ ነባር ሕዝብ የተወለዱ፣ በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ተምረው የሕግ ባለሙያ የሆኑ ሰው ናቸው። ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለነበር በጁላይ የውጭ ዕዳ ክፍያ ለሁለት ዓመት እንዲቆም አደረጉ። አበዳሪዎቹ እንግሊዝ፣ ስፔንና ፈረንሳይ ለንደን ላይ ተስማምተው ጦር ጭነው ወደ ቬራክሩስ ወደብ ዘለቁ። እንግሊዝና ስፔን የፈለጉት ገንዘባቸውን ነበር። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሣልሳዊ አገሪቱን ራሷን እንደተመኘ ሲገባቸው በኤፕሪል 1862 ጦራቸውን ይዘው ወጡ። የፈረንሳይ ጦር ብቻውን ወደ ዋና ከተማው ገሰገሰ።

ከቬራክሩስ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሚወስደው መንገድ በፑዌብላ ያልፋል። የፈረንሳዩ አዛዥ ሎሬንሴ 6,000 ያህል ወታደር ይዟል፤ በዚህ ሠራዊት ከወዲሁ የሜክሲኮ ጌታ እንደሆነ ለጦር ሚኒስትሩ ጽፎ ነበር። ፑዌብላ ላይ የጠበቁት የ33 ዓመቱ ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ናቸው። የሳራጎሳ የትውልድ ቦታ ዛሬ የአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ውስጥ ነው። ጦራቸው በቁጥር ያንሳል፣ መሣሪያውም አሮጌ ነው። ከሠራዊቱ ጋር ከሰሜን ፑዌብላ ተራሮች የወረዱ የነባር ሕዝብ ገበሬዎች ተሰልፈዋል፤ ከሳካፖአክስትላ የመጡት ሰዎች ገጀራ ይዘው እንደተዋጉ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ሳራጎሳ ከከተማው በስተሰሜን ያሉትን የሎሬቶንና የጓዳሉፔን ምሽጎች ይዘው ተቀመጡ። ሁለቱም ኮረብታ ላይ ናቸው። ሎሬንሴ ጠላቱን ስለናቀ ወታደሮቹን ፊት ለፊት ወደ ዳገቱ ሰደዳቸው። እኩለ ቀን ገደማ የጀመረው ጥቃት ደጋግሞ ወጣ፣ ደጋግሞም ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደና ዳገቱ ጭቃ ሆነ፤ ቡት ያጠለቀው የአውሮፓ እግረኛ እየተንሸራተተ ከላይ በሚወርደው ጥይት ወደቀ። በኋላ አገሪቱን ለረጅም ዘመን የገዙት ፖርፊሪዮ ዲያስ በዚያ ቀን የአንድ ክፍል አዛዥ ነበሩ፤ በበኩላቸው የመጣውን ጥቃት መልሰው አሳደዱ። ሲመሽ ፈረንሳይ በሞትና በመቁሰል ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ጎድሎባት አፈገፈገች።

ድሉ ጦርነቱን አልጨረሰም። ሳራጎሳ ከአራት ወር በኋላ በታይፎይድ ሞቱ። ናፖሊዮን ብዙ ተጨማሪ ጦር ልኮ በሜይ 1863 ከሁለት ወር ከበባ በኋላ ፑዌብላን ያዘ፤ በዓመቱም የኦስትሪያውን ልዑል ማክሲሚሊያንን በሜክሲኮ ዙፋን አስቀመጠ። ሁዋሬስ ግን እጅ አልሰጡም፤ መንግሥታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸሹ፣ ትግሉንም ቀጠሉ። ፈረንሳይ በመጨረሻ ጦሯን አስወጣች፤ ማክሲሚሊያንም በጁን 1867 ኬሬታሮ ላይ ተረሸነ። የፑዌብላ ድል ትልቁ ትርፍ ጊዜ ነበር፦ የፈረንሳይ ጦር አንድ ዓመት ሙሉ ከዋና ከተማው ተገታ። የዚያ ዓመት ዋጋ በደንብ የገባቸው ደግሞ ከድንበር ማዶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው።

ዜናው ካሊፎርኒያ ሲደርስ

ካሊፎርኒያ እስከ 1848 ድረስ የሜክሲኮ መሬት ነበረች። በጦርነት ተሸንፋ ሜክሲኮ ለአሜሪካ ስትለቃት ነዋሪዎቿ ቤታቸውን ሳይለቁ የባዕድ አገር ሰዎች ሆኑ። ወርቅ ተገኘ ሲባል ደግሞ ከሶኖራ፣ ከቺሌና ከመካከለኛው አሜሪካ ብዙ ማዕድን ቆፋሪ ጎረፈ። ፑዌብላ ላይ ድል ሲገኝ እነዚህ ሰዎች በስፓኒሽ ጋዜጣ ዜናውን ይከታተሉ ነበር። በሲየራ ኔቫዳ ግርጌ ኮሎምቢያ በምትባል የማዕድን ከተማ የነበሩ ሜክሲካውያን ወሬው እንደደረሳቸው ጠመንጃ ተኮሱ፣ የአገራቸውን መዝሙር ዘመሩ፣ ሳይዘጋጁ ቆመው ንግግር አደረጉ።

ደስታቸው ለሜክሲኮ ብቻ አልነበረም። በዚያው ጊዜ አሜሪካ ራሷ ባርነትን አንለቅም ባሉት የደቡብ ግዛቶችና በፕሬዚዳንት ሊንከን መንግሥት መካከል በጦርነት ላይ ነበረች። ሜክሲኮ ባርነትን በ1829 አስቀርታለች፤ ካሊፎርኒያም ከባርነት ነጻ የሆነች ግዛት ነበረች። ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለደቡቦቹ ያደላል። ፈረንሳይ ሜክሲኮን ይዛ ከደቡቦቹ ጋር ብታብር የባሪያ ፈንጋዮቹ መንግሥት ኃያል ጎረቤት ያገኝ ነበር። የካሊፎርኒያ ላቲኖዎች፣ ማለትም ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ፣ ሁለቱን ጦርነቶች እንደ አንድ አዩአቸው፦ ሁዋሬስም ሊንከንም የሚዋጉት ሕዝብ ራሱን እንዲያስተዳድርና ሰው የሰው ንብረት እንዳይሆን ነው።

ይህን ታሪክ ከዘመኑ የስፓኒሽ ጋዜጦች ለቅሞ ያወጣው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ዴቪድ ሄይስ ባውቲስታ ነው፤ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ በዓሉ በአሜሪካ ምድር የተወለደ መሆኑን አሳይቷል። እንደ እሱ ጥናት ሰዎቹ በየከተማውና በየማዕድን መንደሩ የአገር ፍቅር ማኅበራት አቋቁመው በየወሩ መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም ተደራጅተዋል። ገንዘቡ ለቆሰሉ ወታደሮች፣ ባል ለሞተባቸው ሴቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች ወደ ሜክሲኮ ይላካል። ከ1863 ጀምሮም ሜይ 5 ሲደርስ ሰልፍ ይወጣል፣ የሁለቱ አገሮች ባንዲራ ጎን ለጎን ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያም ግብዣና ጭፈራ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ሲንኮ ዴ ማዮ መልኩ ይህ ነው። ጽዋ አልጠፋበትም፤ ድግሱ ግን መዋጮ የሚሰበሰብበት፣ አቋም የሚገለጽበትና የአገር ወሬ የሚሰማበት ነበር።

ቢራው እንዴት ገባ

ትውልድ ሲለወጥ ትዝታው ደበዘዘ። ከ1910ሩ የሜክሲኮ አብዮት ሸሽተው የመጡት አዳዲስ ስደተኞች በዓሉን ተጀምሮ አገኙት፤ የካሊፎርኒያን የቀድሞ ታሪክ ግን አያውቁም ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቺካኖ የሚባለው የአሜሪካ ሜክሲካውያን ንቅናቄ ተነሣ። የእርሻ ሠራተኞች በሴሳር ቻቬስ መሪነት ለደመወዝና ለክብር ሲታገሉ፣ ተማሪዎች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ እንዲሰጣቸው ትምህርት ቤቶችን ይጠይቁ ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች፣ በነባር ሕዝብ ልጅ የሚመራ ድሃ አገር የአውሮፓን ኃያል ጦር ያሸነፈበት ቀን ታላቅ ምልክት ሆነ። ሜይ 5ን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በንግግር፣ በቲያትርና በግድግዳ ሥዕል አከበሩት።

በዚያው ዘመን የኮሎራዶው የኩርስ ቢራ ፋብሪካ በቅጥር ላይ አድልዎ ያደርጋል ተብሎ የቺካኖ ድርጅቶች ቢራውን አንጠጣም ብለው አድመውበት ነበር። በ1984 ኩባንያው ከትልልቅ የላቲኖ ድርጅቶች ጋር ሥራና ኢንቨስትመንት ለመስጠት ስምምነት ተፈራረመ። የቢራና የአልኮል ኩባንያዎች የላቲኖው ቁጥርና የመግዛት አቅም እያደገ መሄዱ ታይቷቸው ስለነበር የሰፈር በዓላትን ስፖንሰር ማድረግ ጀመሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሜክሲኮ ቢራ አስመጪዎች ማስታወቂያቸውን በሜይ 5 ላይ አነጣጠሩ፤ ደንበኛቸውም ላቲኖው ብቻ መሆኑ ቀረ። ለባር ባለቤት ቀኑ ተመችቶታል፤ የክረምቱ ብርድ ያልፋል፣ በረንዳ ይከፈታል፣ ትምህርት ሊዘጋ ይቃረባል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓሉ ምንም ሜክሲካዊ በማይኖርባቸው ከተሞች ሳይቀር የባር በዓል ሆነ።

ሁሉም በዝምታ አልተቀበለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችና ወላጆች የልጆቻችን በዓል በአልኮል ገንዘብ አይከበር ብለው ተደራጅተው ከአልኮል ነጻ የሆኑ በዓላትን አዘጋጅተዋል። ክርክራቸው ትክክል ነበር፦ ለድግሱ የሚከፍለው ሰው የድግሱን ወሬም ይመርጣል።

ከጣሪያው እስከ ብርጭቆው

የባሩ ጌጥና መጠጥ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ከላይ የተሰቀለው ወረቀት ፓፔል ፒካዶ ይባላል፤ ዋና መንደሩ በፑዌብላ ግዛት ያለችው ሳን ሳልቫዶር ዊክስኮሎትላ ናት። ባለሙያው ስስ ወረቀቶችን እስከ 50 ድረስ ይደራርባል፣ ንድፉን ከላይ ያነጥፋል፣ ከዚያ በተለያየ ቅርጽ በተሳሉ ትንንሽ መሮዎች በመዶሻ እየመታ ይቆርጣል። አንዱ ምት በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ላባ ያወጣል። ብዙ ባሮች የሚሰቅሉት ከፋብሪካ የወጣ ፕላስቲክ ነው፤ በእጅ የተሠራውን የሚያስመጣ ባር ግን የፑዌብላን ድል ሲያስብ የፑዌብላን ሰው እጅ ያከብራል።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ማርጋሪታ ቴኪላ፣ የብርቱካን ሊኬርና የሎሚ ጭማቂ ነው። ቴኪላ የሚወጣው ከሰማያዊ አጋቬ ነው፤ እኛ አገር ገመድ የሚገመድበት የቃጫ ተክል የቅርብ ዘመዱ ነው። ተክሉ ለመቆረጥ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሂማዶር የሚባለው ቆራጭ ረጅም እጀታ ባለው ክብ ስለት ቅጠሉን ከግንዱ ይመለምላል፤ የቀረው ወፍራም እምብርት በእንፋሎት ይበስላል፣ ይጨመቃል፣ ይብላላል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ጠርሙሱ ላይ «100 በመቶ አጋቬ» ካልተባለ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ስኳር ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ጠጪ ቴኪላን በአንድ ትንፋሽ አይገለብጠውም፤ በቀስታ ይቀምሰዋል።

በረዷማውን ማርጋሪታ የሚያወርደው ማሽን ግን የቴክሳስ ልጅ ነው። በ1971 የዳላስ ምግብ ቤት ባለቤቱ ማሪያኖ ማርቲኔስ የለስላሳ አይስክሬም ማሽን አስተካክሎ ማርጋሪታ እንዲቀዳበት አደረገ፤ ያ የመጀመሪያው ማሽን ዛሬ በዋሽንግተኑ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ከፑዌብላ የመጣ ወረቀትና በዳላስ የተሠራ ማሽን በአንድ ቤት መገናኘታቸው የበዓሉ ባሕርይ ነው፤ ሲንኮ ዴ ማዮ ከጅምሩ የሁለት አገር ልጅ ነው።

ከኩሽና ደግሞ ታኮና ናቾ በብዛት ይወጣል። የፑዌብላ የክብር ምግብ ግን ሞሌ ነው፦ የደረቀ ቃሪያ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቅመምና ትንሽ ቸኮሌት ተቆልቶና ተፈጭቶ ለረጅም ጊዜ በእሳት ላይ የሚቆይ ጥቁር ስጎ፣ በዶሮ ወይም በተርኪ ላይ የሚፈስ። ኒው ዮርክ ውስጥ ከሆነ ሞሌ የሚችል ሰው ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በከተማዋ ከሚኖሩት ሜክሲካውያን እጅግ ብዙው ከፑዌብላ የመጣ ነው፣ ብዙውም በምግብ ቤቶች ኩሽና ይሠራል። ሜይ 5 ማታ እነዚህ ሰዎች ከማንም በላይ የሚሠሩበት ምሽት ነው። የአያቶቻቸውን ድል ደንበኛው ሲያከብር እነሱ ሳህን ያጥባሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ሚያዝያ 27

የኢትዮጵያ አንባቢ ለዚህ ቀን እንግዳ አይደለም። ሜይ 5 በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማዋ ተመለሱ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ኢትዮጵያዊ አርበኞቹን ሲያስብ፣ ጥቂት ሰፈር ወረድ ብሎ ሜክሲካዊው ሳራጎሳን ያስባል።

የቀኑ መገጣጠም የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የሁለቱ አገሮች መተሳሰብ ግን ከታሪክ የመጣ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ግዛቴ ናት ስትል ብዙ መንግሥታት እውቅና ሰጡ። በላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ እንቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ወራሪ አገሯን እንደ ዕዳ መያዣ ሲቆጥር ያየች፣ ባዕድ ንጉሥ በዙፋኗ የተቀመጠባት አገር በሌላው ላይ የደረሰውን ለማወቅ ማስረጃ አላስፈለጋትም። አዲስ አበባ ለዚያ ውለታ ሜክሲኮ አደባባይን ሰየመች፤ ሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ ስም ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላት። በየቀኑ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚለውን የታክሲ ረዳት ድምፅ የሚሰማ የአዲስ አበባ ሰው ከሲንኮ ዴ ማዮ ታሪክ አንድ ቅንጣት በጆሮው ይዞ ይሄዳል።

ድግሱን ለሚያሰናዳ

ታዲያ በሰፈር ባር ይህ በዓል እንዴት ይከበር? ከታሪኩ ራሱ ትምህርት ማውጣት ይቻላል።

መጀመሪያ፣ ምክንያቱ ይነገር። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ፑዌብላ ላይ ምን እንደተደረገ ለአምስት ደቂቃ ቢናገር፣ ወይም የሳራጎሳ ታሪክ በሜኑው ጀርባ ቢታተም፣ ምሽቱ ሌላ ክብደት ያገኛል። የጥንቶቹ በዓላት ከንግግር ውጪ ታስበው አያውቁም።

ሁለተኛ፣ የበዓሉ ባለቤቶች ከኩሽና ይውጡ። ከሠራተኞቹ መካከል ሞሌ የሚያውቀው፣ ጊታር የሚመታው፣ አያቱ የነገሩትን የሚያስታውሰው ሰው ይጠየቅ፤ ለሙያውም ይከፈለው። የሰፈሩ የሜክሲኮ ባህል ጭፈራ ቡድን ይጋበዝ። ትልቅ ባርኔጣና የውሸት ጺም ለብሶ መምጣት ይቅር፤ የሰውን ሕዝብ መልክ መቀለጃ ማድረግ ክብር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለማይጠጣውም ይታሰብ። ሜክሲካውያን አልኮል የሌለበት ብዙ መጠጥ አላቸው፤ ከእነሱ አንዱ፣ ሃማይካ የሚሉት፣ እኛ ከርከዴ ከምንለው ቀይ አበባ ቀዝቅዞ ይዘጋጃል። ከሩዝና ከቀረፋ የሚሠራው ኦርቻታም አለ። ለሚጠጣው ደግሞ ምግብና ውሃ በቅርብ ይሁን፣ ወደ ቤት የሚወስደው መኪና አስቀድሞ ይዘጋጅ። በሰካራም አሽከርካሪ የሰው ነፍስ የሚጠፋበት በዓል የማንንም ድል አያስታውስም።

አራተኛውና ዋናው፣ መዋጮ ይኑር። የካሊፎርኒያ ማዕድን ቆፋሪዎች ከኪሳቸው አውጥተው በሩቅ አገር ጦርነት ለቆሰለ ሰው ልከዋል። የዛሬው ባር ከሽያጩ ላይ የተወሰነ ለስደተኛ ልጆች የትምህርት ድጋፍ ወይም የጠበቃ ገንዘብ ላጡ ሠራተኞች ቢመድብ፣ እንግዳውም ከአንድ ማርጋሪታ ዋጋ የሚስተካከል ቢጨምርበት፣ በ1863 የተጀመረውን ሥራ ይቀጥላሉ። ሲንኮ ዴ ማዮን ለስደተኞቹ ትልቅ ቀን ያደረገው እርስ በርስ መረዳዳታቸው ነበር፤ ያ መረዳዳት ባለበት ባር ውስጥ በዓሉ በሚገባው ክብር ይከበራል።